የዓመት ፈቃድ ሳይቃጠል መውጫው

ጎንደር ውስጥ የዓመት ፈቃድ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ "አይፈቀድም" ተብሎ አይደለም። ሠራተኛው አለቃውን ደጃፍ ላይ ያገኘውና "ጋሼ፣ ለጥምቀት ትንሽ ቀን ቢያሳርፉኝ" ይላል። አለቃው "እስቲ እናያለን" ይላል። "እናያለን" እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ ደግሞም ማንም አያየውም። ጥር ይገባል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ሱቁ ይጨናነቃል፣ ነገሩ እዚያው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ሒሳብ ሹሙ "ፈቃድህ ተቃጥሏል" ይላል።

መውጫው ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ በትክክል የተቆጠረ ቀን፣ በፊርማ የተያዘ ወረቀት፣ ሰው የማይነቅፈው ርክክብ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነው ነገር የሚበላሸው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንሂድበት።

በቅድሚያ ይህ ጽሑፍ ለማን እንደሆነ ይታወቅ። ሆቴል፣ ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ የግል ክሊኒክ፣ ጋራዥ፣ የግንባታ ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ነው፤ የሚገዛውም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፤ የቀኑም ቁጥር ስለሚለይ እዚህ ያለውን ቁጥር ይዞ ሰው ሀብት ቢሮ መግባት ያሳፍራል። በሰው ቤት የተቀጠረች የቤት ሠራተኛን አዋጁ አያቅፋትም፤ የሥራ መሪ የሚባሉትንም እንዲሁ። ለእነሱ ዋስትናቸው ሲቀጠሩ የተዋዋሉት ውል ነው፤ የዕረፍት ቀን ገና ሲገቡ በውሉ ላይ ማስጻፍ አለባቸው።

ቀኑን መቁጠር

አንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ከዚያ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ዓመት የሠራ ሰውም ያው 16 ነው፤ 3 ዓመት ሲሞላው 17፣ 5 ሲሞላው 18፣ 7 ሲሞላው 19፣ 11 ሲሞላው 21 ይሆናል። የሕብረት ስምምነት፣ ማለትም አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙት ውል፣ ያለበት ቤት ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ በታች ግን አይችልም። "ፈቃድ አልፈልግም" ብሎ የተፈረመ ወረቀትም ቢኖር ዋጋ የለውም፤ ሕጉ ራሱ ያፈርሰዋል።

የመጀመሪያው ፈቃድ የሚወጣው አንድ ዓመት ከተሠራ በኋላ ነው። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ግንባታ ላይ ያለ፣ አገልግሎቱ የሚታሰበው 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ተቆጥሮ ነው። ዓመቱ እንግዲህ 312 የሥራ ቀን ነው ማለት ነው። በመሃል ዝናብ ያስቀረው ሳምንት፣ ሲሚንቶ የጠፋበት ወር እያለ የቀን መቁጠሪያው ዓመት ቢሞላም የሥራ ቀኑ ላይሞላ ይችላል። የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው የሠራበትን ቀን በራሱ ደብተር ይመዝግብ፤ የፎርማኑ መቆጣጠሪያ ብቻውን አይታመንም።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። 16 ቀን የተባለው የሥራ ቀን ነው እንጂ ተከታታይ ቀን አይደለም። እሑድ አይቆጠርም፣ የሕዝብ በዓል አይቆጠርም። ብዙ ቤት ግን ካላንደሩን ይገልጥና ከመጀመሪያው ቀን 16 ይቆጥራል፤ ሠራተኛውም ዝም ይላል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እናስላው። በ2019 ጥምቀት ማክሰኞ ጥር 11 ይውላል። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው ሰኞ ጥር 3 ፈቃድ ይጀምር እንበል። ከጥር 3 እስከ ቅዳሜ ጥር 8 ድረስ 6 ቀን ሆነ። ጥር 9 እሑድ ነው፣ ይዘለላል። ሰኞ ጥር 10 ሰባተኛው። ጥር 11 በዓል ነው፣ ይዘለላል። ከረቡዕ ጥር 12 እስከ ቅዳሜ ጥር 15 አራት ቀን ሲጨመር 11 ደረሰ። ጥር 16 እሑድ። ከሰኞ ጥር 17 እስከ ዓርብ ጥር 21 አምስት ቀን፤ 16 ሞላ። ወደ ሥራ የሚመለሰው ቅዳሜ ጥር 22 ነው። በስህተት በተከታታይ ቢቆጠር ኖሮ ፈቃዱ ጥር 18 ላይ አልቆ ጥር 19 ግባ ይባል ነበር። ሦስት ቀን እንደዋዛ ሄደ ማለት ነው፤ ሁለት እሑድና አንድ በዓል።

ከዚሁ ጋር አንድ ጎንደሬ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለጥምቀት በሕግ የተዘጋው ቀን ጥር 11 ብቻ ነው። ከተራም፣ የጥር 12ቱ ሚካኤልም የሕዝብ በዓል አይደሉም። ከተራ ከሰዓት ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ሕዝብ ነው፤ ጥር 12 ደግሞ ሚካኤልን ሳይሸኝ ሥራ የሚገባ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ግን በወረቀት ደረጃ ሁለቱም የሥራ ቀን ናቸው። ቤቱ በልማድ ከዘጋ ጥሩ ነው፤ ካልዘጋ ግን የቀረ ሰው እንደ ቀሪ ይያዛል። የፈለገ ሰው እነዚያን ሁለት ቀናት ቀድሞ በፈቃድ ውስጥ ያስገባቸው።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ቤት ላይ ቅዳሜ እንዴት እንደሚቆጠር መጀመሪያ ይጠየቅ። አንዳንዱ እንደ ሙሉ፣ አንዳንዱ እንደ ግማሽ ይይዘዋል። መልሱን ሰምቶ ደብዳቤው ላይ የመመለሻውን ቀን በግልጽ መጻፍ ክርክሩን ያስቀራል።

መቼ መጠየቅ

ሕጉ አሠሪው የፈቃድ ፕሮግራም እንዲያወጣ ያዘዋል፤ ሲያወጣም በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና የሥራውን ሁኔታ ሁለቱንም እንዲያይ። ፕሮግራም የሚያወጣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሐምሌ ላይ በጀት ዓመቱ ሲከፈት ስሙን ማስያዝ አለበት። ቅጹ ሲዞር "የተመቻችሁን ጻፉልኝ" ብሎ ባዶ መመለስ ሰውን ማንም ያልፈለገው ወር ላይ ይጥለዋል።

ፕሮግራም የሌለው ቤት ደግሞ የራሱ ወቅት አለው፤ እሱን ማወቅ ነው። ሆቴልና አስጎብኚ ቤት ከመስከረም ጀምሮ ይሞቃል፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት 12 ቀናት ደግሞ ጭራሽ አይነኩም። የሆቴል ሠራተኛ ለጥምቀት ሙሉ ፈቃድ መጠየቁ ጉልበት መጨረስ ነው። ይልቅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትልቁን ክፍል ወስዶ ለጥምቀት የሽፍት ቅያሪ መጠየቅ ይሻላል፤ ለምሳሌ የከተራን ማታ እሠራለሁ፣ የጥምቀትን ጠዋት ልቀቁኝ ማለት። በዓሉን የሠራ ሰው ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ደመወዙ እጥፍ ይታሰብለታል፤ ይህም ሳይረሳ።

የእህልና የሰሊጥ ንግድ፣ መጋዘንና ጭነት ላይ ያለ ሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባይጠይቅ ይመረጣል፤ የሑመራና የመተማ ምርት የሚወርደው ያኔ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ ቤት፣ የሙሽራ ቤትና አዳራሽ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ በሰርግ ይያዛል። ለእነዚህ ዐቢይ ጾም ራሱ የፈቃድ ወቅት ነው። ፋርማሲና ክሊኒክ ወቅት የለውም፤ እዚያ የሚወስነው ተተኪ መኖሩ ነው። የግል ትምህርት ቤት መምህር ክረምቱ እንደ ዓመት ፈቃድ ተቆጥሮ እንደሆነ ውሉን ያንብብ።

ጥያቄው ከመውጫው ቀን ቢያንስ ከወር ተኩል በፊት ይግባ። ከዚያ ካጠረ "ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ" የሚለውን መልስ ለአለቃው አዘጋጅቶ መስጠት ነው።

ወረቀቱ

በቃል መጀመር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አንድም ቃል ሳይናገሩ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ በእኛ አገር እንደ ጠብ ይቆጠራል። ግን የቃሉ ንግግር ከወረቀቱ ጋር በአንድ ቀን ይሁን። ሰኞ ጠዋት አይመረጥም፣ ቅዳሜ ገበያው ሲጦፍም አይሆንም። ረጋ ባለ ሰዓት ገብቶ "ጋሼ፣ የዓመት ፈቃዴን ከጥር 3 እስከ ጥር 21 አስቤዋለሁ፤ በእኔ ቦታ የሚሸፍነውን ሰው አነጋግሬያለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው" ማለት ይበቃል። "ትንሽ ቀን" አይባልም፤ ትንሽ የተባለ ነገር ለመንፈግም ትንሽ ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይሁን፦

ቀን፦ ኅዳር 15 ቀን 2019 ዓ.ም.
ለድርጅቱ አስተዳደር
ጎንደር
ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ
በድርጅቱ ውስጥ በገንዘብ ያዥነት የሥራ መደብ ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠራሁ እገኛለሁ። የሚገባኝን የ16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከጥር 3 እስከ ጥር 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ እየጠየቅሁ፣ ጥር 22 ቀን 2019 ዓ.ም. በሥራ ገበታዬ ላይ የምገኝ መሆኔን እገልጻለሁ። በማልኖርበት ጊዜ ሥራውን የሚሸፍነውን ባልደረባ ስምና የርክክብ ዝርዝር አያይዣለሁ። መልሱ እስከ ኅዳር 30 ድረስ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ

ምክንያት አልተጻፈበትም፤ መጻፍም የለበትም። የዓመት ፈቃድ የተሠራበት ዕዳ ነው፤ ለዕዳ ምክንያት አይጠየቅም። "አባቴን ለማሳከም" ብሎ መጻፍ የሚያመጣው መዘዝ አለ፤ አለቃው በፈቃዱ ፈንታ ምክንያቱን መመዘን ይጀምራል፣ "ወንድምህ አያሳክመውም ወይ?" ይላል። የውሸት ምክንያት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ጎንደር ጠባብ ናት፤ በሐሰት የሞተች አያት ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትመርጥ ትታያለች።

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ላይ ተቀባዩ "ደርሶኛል" ብሎ ቀንና ስም ጽፎ ይፈርምበታል፣ ማኅተም ካለም ይመታበታል። አለቃው "እኔና አንተ መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል?" ካለ፣ በተለይ ዘመድ ወይም የአገር ሰው ከሆነ፣ ይህ ይሉኝታ የሚፈተንበት ቦታ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ "ለሒሳብ ክፍሉ እንዲመች ነው፣ እኔም ቀኑን እንዳልረሳው"። እምቢ ካለ የደብዳቤው ፎቶ በቴሌግራም ይላክለት፤ ሲያየው ያሳያል፣ ቀንና ሰዓቱም ይቀመጣል። ነገሩ ከከረረ ፖስታ ቤት ሄዶ በአደራ መላክና ደረሰኙን መያዝ ነው።

ፈቃዱ ሲፈቀድም በጽሑፍ ይሁን። በቃል "ሂድ" ተብሎ የሄደ ሰው አለቃ ቢቀየር ወይም ቢጣላ እንደ ቀሪ ሊቆጠር ይችላል።

ርክክብ

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። አሠሪ ፈቃድ የሚያከብደው ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። ቁልፉ የት እንዳለ፣ ማን ዱቤ እንዳለበት፣ የትኛው ዕቃ እንደታዘዘ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ይፈራል። ፍርሃቱን የሚያነሳለት ወረቀት ካገኘ ግማሹ ክርክር ያልቃል።

የገንዘብ ያዥን ርክክብ ቀረብ ብለን እንየው። ከመውጫው ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሱቁ ሳይዘጋ በፊት፣ ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ አንድ ታዛቢ። በካዝናው ያለው ብር በኖት ዓይነት ይቆጠራል፤ ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት፣ ባለ 50 ስንት፣ ባለ 10 ስንት እየተባለ ይጻፋል። ድምር ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ በኋላ ጎደለ ሲባል የትኛው እንደጎደለ አይታወቅም። የቀኑ ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱ ሽያጭ ድምር፣ ከካሽ ሬጅስተሩ ይወጣና ከብሩ ጋር ይመሳከራል። የደረሰኝ ጥራዝ ላይ የመጨረሻው የተቆረጠ ቁጥርና ያልተነካው ጥራዝ መጀመሪያና መጨረሻ ቁጥር ይመዘገባል። በቴሌብርም በባንክም የገባ ገንዘብ ለብቻው ይጻፋል። ከዚያ የዱቤ ዝርዝር ይከተላል፤ ስም፣ መጠን፣ መቼ እንደሚከፍል። ለአቅራቢ የሚከፈል ካለም እንዲሁ። ቁልፎች በቁጥር፣ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ ተጽፎ። ሦስቱም ይፈርማሉ፤ ወረቀቱ ሦስት ቅጂ ነው።

ይህን ሳያደርግ ቁልፍ በእጅ ሰጥቶ የሄደ ሰው ሲመለስ "2,000 ብር ጎድሏል" ቢባል የእሱ ይሁን የተተካው ሰው ማንም ማረጋገጥ አይችልም። ከፈቃድ በኋላ የሚነሳው ጠብ ብዙ ጊዜ ሥሩ ይህ ነው።

ለሌላውም ሥራ ሐሳቡ አንድ ነው፣ ዝርዝሩ ይለያያል። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የቦታ ማስያዣ ደብተሩን፣ ቅድሚያ የከፈለ እንግዳ ዝርዝርንና የተረሱ ዕቃዎችን ያስረክባል። ፋርማሲ ላይ መድኃኒቱ ሲቆጠር የሚያልፍበት ቀን የቀረበው ተለይቶ ይጻፋል። ጋራዥ ላይ የእያንዳንዱ መኪና ጉዳይ በአንድ መስመር ይበቃል፤ ምን ተፈታ፣ ምን ዕቃ ይጠበቃል፣ ባለቤቱ ስንት ቀብድ ከፈለ። የስልክና የኮምፒውተር የይለፍ ቃል ለአለቃው በታሸገ ፖስታ ይሰጥ፤ ለሥራ ባልደረባ በቃል መንገር ጥሩ አይደለም።

ሲራዘምና ሲከለከል

አሠሪ የሥራው ሁኔታ ካስገደደው ፈቃድን ወደ ሌላ ጊዜ የማሸጋገር መብት አለው። ሠራተኛውም ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ሊያሸጋግር ይችላል፤ ለሁለት ከፍሎ መውሰድም እንዲሁ በስምምነት ነው። ግን አንቀጽ 79 ገደብ አበጅቶለታል፤ ከሁለት ዓመት በላይ መሸጋገር አይችልም። ስለዚህ "ለዘንድሮ አይሆንም" ሲባል የሚጠየቀው "እሺ፣ የትኛው ቀን ላይ ይሁንልኝ?" ነው፤ ቀኑም ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ቀን የሌለው ማራዘም ክልከላ ነው።

"ብሩን ውሰድና ሥራህን ቀጥል" የሚለው ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፤ ሠራተኛውም ብር ስለሚቸግረው ይስማማል። በሥራ ላይ እያሉ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ አዋጁ ይከለክላል። የሚከፈለው ሥራ ሲለቁ፣ ወይም ከታች እንደሚታየው ከፈቃድ ላይ ሲጠሩ ብቻ ነው። ለሆቴል ሠራተኛ እዚህ ላይ ሌላ እውነት አለ፤ ፈቃድ ላይ ደመወዙ ሙሉ ቢሆንም ጉርሻው አይኖርም። ብዙ አስተናጋጅ ፈቃድ የሚሸሸው በዚህ ነው። ስለዚህ የዕረፍቱን ወር ቀድሞ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ፣ ወይም ጉርሻ ራሱ በሚቀዘቅዝበት ክረምት መውጣት ነው።

በተከለከለ ፈቃድ ተቆጥቶ መሄድ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እያለ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊባረር ይችላል። ትክክል የነበረው ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል።

ሐዘን፣ ሰርግ፣ ሕመም፣ ጸበል

ከጸበል በቀር እነዚህ ከዓመት ፈቃድ አይቀነሱም፤ ይህን የማያውቅ ግን ብዙ ነው። አንቀጽ 81 ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጠዋል። ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ እንዲሁም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሥጋና የጋብቻ ዘመድ ሲሞትም 3 የሥራ ቀን ነው። እህትና ወንድም፣ የሚስት ወይም የባል እናትና አባት አያከራክሩም። ሐዘኑ ዓርብ ማታ ከሆነ በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ሰው ቅዳሜ፣ ሰኞና ማክሰኞ ያገኛል፤ ለሰልስቱ ይደርሳል። ለአርባው ተዝካር ግን ሕጉ ቀን አልሰጠም። ለክርስትናም አልሰጠም፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲነሱ አባት ሥራ ላይ ነው። ለጎረቤትና ለክርስትና አባት ቀብርም ያው ነው። ለዚህ ሲባል ከዓመት ፈቃድ ሁለትና ሦስት ቀን ማስቀረት የጎንደር ሰው ብልሃት ነው፤ አሠሪው ከተስማማ "ከዓመት ፈቃዴ ይቀነስ" ተብሎ በአንዲት መስመር ወረቀት ይወሰዳል።

ሚስቱ የወለደች አባት ተከታታይ 3 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። እናቲቱ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን አላት። ከባድና ያልታሰበ ነገር ሲገጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ግን አይበልጥም። ለሐዘን የእድር ወይም የቀበሌ ወረቀት ቢጠየቅ አያስቀይም፤ ማስረጃ መጠየቅ የአሠሪው መብት ነው።

የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሁሉ አለው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። አሠሪው ካላወቀ በቀሩበት ማግስት ማሳወቅ ግድ ነው፤ አንድ የጽሑፍ መልእክት ይበቃል። የሐኪሙ ወረቀት ላይ የዕረፍቱ ቀን ብዛት በቁጥር፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ፊርማና የተቋሙ ማኅተም መኖራቸውን ከክፍሉ ሳይወጡ ማየት ነው። ከሳምንት በኋላ "ማኅተም ረስታችሁልኛል" ብሎ ሲመለሱ ያ ሐኪም ተረኛ አይደለም፣ ካርዱ ይፈለጋል፣ ግማሽ ቀን ያልቃል። በዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ታመው ሆስፒታል የተኙ እንደሆነ የዓመት ፈቃዱ ይቋረጥና የሕመም ፈቃድ ይጀምራል፤ ስለዚህ የተኙበትን ማስረጃ አይጣሉት።

ጸበል ሌላ ነው። ሰባት ወይም አሥራ አራት ቀን ሱባኤ ይዞ ጸበል የሚገባ ሰው በሕጉ ዓይን በሕመም ፈቃድ ላይ አይደለም፤ የሐኪም ወረቀት የለውም። የጸበሉ አስተዳደር የሚሰጠው ወረቀትም የሐኪምን ቦታ አይተካም። ለጸበል የዓመት ፈቃድ ይዞ መሄድ ነው፤ ሱባኤው 7 ቀን ከሆነ በመሃሉ አንድ እሑድ ስላለ ከፈቃዱ የሚሄደው 6 የሥራ ቀን ነው።

ከወጡ በኋላ

ስልክ ማጥፋት የሚሉ አሉ፤ አያዋጣም። ይልቅ "በቀን ከ11 እስከ 12 ሰዓት እመልሳለሁ" ብሎ ተናግሮ መውጣትና በዚያ ሰዓት መመለስ ይበቃል። አሠሪ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው መጥራት የሚችለው ያልታሰበ ነገር ሲገጥምና ሰውየው በሥራው ላይ መገኘቱ ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ከተጠራም የቀረው ፈቃዱ፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ፣ በገንዘብ ይከፈለዋል፤ የትራንስፖርትና የውሎ አበሉንም አሠሪው ይሸፍናል። ደባርቅ ቤተሰብ ጋር ያለ ሰው "ነገ ጠዋት ና" ሲባል ጥሪውን በጽሑፍ መልእክት ላክልኝ ይበል፤ ያለዚያ ገንዘቡን የሚያስከፍልበት ነገር የለውም። ሲመለሱ መንገድ ቢዘጋ በዚያው ቀን ማሳወቅና የአውቶብሱን ቲኬት መያዝ ነው።

ካልተግባባችሁ

የሠራተኛ ማኅበር ካለ መጀመሪያ እዚያ። ከዚያ የከተማ አስተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ክፍል አለ፤ ስሙ ቢለዋወጥም ሰው አሁንም "ሠራተኛና ማኅበራዊ" ይለዋል። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ወገን ጠርቶ ያነጋግራል፤ የፈቃድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል፣ አሠሪውም ፍርድ ቤት መመላለስ አይፈልግም። ካላለቀ የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም። ቅሬታ አቅርበሃል ተብሎ ማባረርም በቂ ምክንያት አይደለም።

ሥራ የሚለቅ ሰው ያልወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብለታል። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የወር ደመወዙን ለ26 ያካፍላል። ደመወዙ 7,800 ብር የሆነ ሰው የቀኑ 300 ብር ነው፤ 18 ቀን ከቀረው 5,400 ብር ይሆናል። ዓመቱን ሳይጨርስ የለቀቀም ድርሻውን ያገኛል፤ 8 ወር የሠራ ሰው 16 ተባዝቶ በ8፣ ለ12 ሲካፈል ከ10 ቀን ተኩል በላይ ነው። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል፤ ሠራተኛው ግን በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ያ "ደርሶኛል" የተባለበት ቅጂ ነው። መሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ የተባረሩ ዕለት እዚያው ይቀራል፤ እቤት ይቀመጥ፣ ፎቶውም ስልክ ላይ ይኑር።